ኢብን ባቱታ፡ በዘይላ ማደር ያልፈቀደው፣ ሞምባሳን በአንድ ሌሊት ያየው መንገደኛ

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ምን ይመስሉ እንደነበር በዓይናቸው አይተው የነገሩን ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከሁሉም ስሙ የገነነው ዘይላን፣ ሞቃዲሾን፣ ሞምባሳንና ኪልዋን በአንድ የመርከብ ጉዞ ያዳረሰው ሞሮኳዊው ኢብን ባቱታ ነው።

ይሁንና ይህ ሰው በእነዚህ ከተሞች ዓመታት አልተቀመጠም። በአንደኛዋ ጭራሽ አላደረም፤ በሌላዋ ያሳለፈው አንዲት ሌሊት ብቻ ነው። መርከቡ መልሕቅ ጥሎ እንደገና ሸራውን እስኪዘረጋ ድረስ ባገኘው ጊዜ ያየውንና የሰማውን ነው ያወረሰን።

ዛሬ በሽርሽር መርከብ የሚጓዝ አገር ጎብኚ ጠዋት ወደብ ላይ ይወርዳል፤ በአስጎብኚ እየተመራ ውሎ ሲመሽ ወደ መርከቡ ይመለሳል። ስለ ከተማዋ የሚይዘው ትዝታ የሚወሰነውም በአብዛኛው ወደቡ ላይ ማን እንደተቀበለው ነው። በኢብን ባቱታም ላይ የደረሰው ከዚህ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ የእርሱ ትዝታ የአንድ መንገደኛ ወግ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። ለሰባት መቶ ዓመታት ገደማ የእነዚህ ከተሞች ዋነኛ ምስክር ሆኖ ቆይቷል።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከታንጂር የወጣው ወጣት

ኢብን ባቱታ በየካቲት 1304 በሞሮኮዋ የወደብ ከተማ ታንጂር ተወለደ። ቤተሰቦቹ የእስልምና ሕግ አዋቂዎችና ዳኞች ነበሩ፤ እርሱም ያንኑ ትምህርት ተማረ። በሰኔ 1325፣ በ21 ዓመቱ፣ የሐጅ ግዴታውን ለመፈጸም ወደ መካ አቀና። አብሮት የሚጓዝ ወዳጅም ሆነ የሚቀላቀለው የነጋዴ ጓድ አልነበረውም። ከእናትና ከአባቱ መለየቱ ልቡን ቢያሳዝነውም ወደኋላ አላለም።

ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ ግብፅ ከገባ በኋላ፣ ቀይ ባሕርን ለመሻገር አይዛብ ወደተባለችው ወደብ ወረደ። በዚያ ወቅት የቤጃ ሰዎች ከግብፅ ገዢዎች ጋር ይዋጉ ስለነበር መሻገሪያ መርከብ አላገኘም። ወደ ካይሮ ተመልሶ በሶርያ በኩል ዞሮ በ1326 መካ ደረሰ።

ወደ አገሩ ቢመለስ ኖሮ ከሺህ ሐጃጆች እንደ አንዱ ተቆጥሮ በቀረ ነበር። እርሱ ግን ኢራቅንና ፋርስን ጎበኘ፤ እንደገናም መካ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀይ ባሕርን ይዞ በሱዳን ጠረፍ ያለችውን ሱዋኪንን አየ፤ ወደ የመንም ተሻገረ። ኤደን ሲደርስ የሕንድ፣ የግብፅና የአፍሪካ ሸቀጥ የሚገናኝባትን፣ ነጋዴዎቿ ባለጠጎች የሆኑባትን፣ የመጠጥ ውኃዋ ግን በዝናብ ማጠራቀሚያ ገንዳዎች ላይ የተመሠረተውን ወደብ ተመለከተ።

አብዛኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት በ1331 ገደማ፣ የ27 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ ከኤደን ተነስቶ ወደ አፍሪካ ቀንድ የሚያመራ መርከብ ተሳፈረ።

የሰዓት ሰሌዳውን የሚወስነው ነፋስ

በዚያ ዘመን በሕንድ ውቅያኖስ የመርከብ ጉዞ ቀን የሚቆርጠው ካፒቴኑ ወይም ነጋዴው ሳይሆን ነፋሱ ነበር። ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ መርከቦችን ከዐረቢያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ያወርዳል። ከሚያዝያ በኋላ የሚነሳው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ደግሞ ወደመጡበት ይመልሳቸዋል።

በመሆኑም ወደ ደቡብ የሚወርድ መርከብ በየወደቡ እንደልቡ አይቆይም። ዕቃ ያራግፋል፣ ውኃና ስንቅ ይጭናል፣ ነፋሱ ሳይለወጥ ይነሳል። ኢብን ባቱታ የንግድ ዕቃ አልያዘም። ያም ሆኖ ቆይታው የሚለካው በነጋዴዎቹ ጉዳይና በነፋሱ ጠባይ ነበር።

ዘይላ፡ ተቀባይ ያልነበረባት ወደብ

የመጀመሪያዋ ማረፊያ ዘይላ ነበረች። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህች ከተማ እንግዳ አይደለችም። ከደጋው አገር የሚወርደው ሸቀጥ ወደ ባሕር የሚወጣባት በር፣ የይፋት ሱልጣኖች ንግድ መተንፈሻ ነበረች። ኢብን ባቱታ በዚያ ባለፈበት ጊዜ በደጋው ዐፄ ዓምደ ጽዮን ነግሠው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በ1332 ከይፋቱ ገዢ ከሰብረዲን ጋር የገጠሙት ጦርነት ተቀሰቀሰ።

መንገደኛው ስለዚህ ሁሉ አንዳች አልተናገረም። የጻፈው ስለ ሽታ ነው። ዘይላ ትልቅ ገበያ ያላት ታላቅ ከተማ መሆኗን መስክሮ፣ ወዲያውኑ በዓለም ላይ ካያቸው ከተሞች ሁሉ የቆሸሸችና የከረፋች ሲል መደባት። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ የዓሳው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረዱት ግመሎች ደም። ባሕሩ ቢናወጥም በከተማዋ ከማደር ይልቅ መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ።

በታሪኩ ውስጥ በዘይላ የተቀበለው ሰው አይታይም። ቤቱ ያስገባው፣ ማዕድ ያቀረበለት፣ ስለ ገዢው ያወጋው አልነበረም። ለብዙ ትውልድ አረብኛ አንባቢዎች ዘይላ በኢብን ባቱታ መጽሐፍ ውስጥ የቀረችው በአፍንጫው በኩል ብቻ ነው። የከተማዋ ንግድ፣ ሊቃውንቷ፣ ከደጋው ጋር የነበራት ትስስር ከዚያ ገጽ ላይ የለም።

ሞቃዲሾ፡ የተሸፈነ ሳህን የያዙት ወጣቶች

ከ15 ቀናት የባሕር ጉዞ በኋላ መርከቡ ሞቃዲሾ ደረሰ። እዚህ የሆነው ሁሉ የዘይላ ተቃራኒ ነበር።

በከተማዋ ልማድ መሠረት፣ አንድ መርከብ ወደቡ ሲቃረብ የአገሬው ወጣቶች በትናንሽ ጀልባዎች ሆነው ይቀበሉታል። እያንዳንዱ ወጣት ምግብ ያለበት የተሸፈነ ሳህን ይይዛል። ሳህኑን ለአንድ ነጋዴ ያቀርብና ይህ እንግዳዬ ነው ብሎ ያስታውቃል። ነጋዴውም ከመርከብ ሲወርድ የሚያርፈው በዚያው በተቀበለው ሰው ቤት ነው። ከዚህ ቀደም እየተመላለሰ ከተማዋን የሚያውቅና ወዳጅ ያፈራ ብቻ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል።

ልማዱ የእንግዳ አክባሪነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ባለቤቱ ለእንግዳው ዕቃውን ይሸጥለታል፣ የሚፈልገውንም ይገዛለታል። አንድ ሰው የእንግዳውን ባይተዋርነት አይቶ ዕቃውን ከዋጋው በታች ቢገዛው፣ ወይም ባለቤቱ በሌለበት አንዳች ነገር ቢሸጥለት፣ ያ ግብይት በከተማው ዘንድ ውድቅ ይሆናል። መንገደኛውን ከመታለል የሚጠብቅ፣ ለአስተናጋጁም ጥቅም የሚያስገኝ፣ የከተማዋንም ስም የሚያስከብር ሥርዓት ነበር።

ከወጣቶቹ አንዱ ወደ ኢብን ባቱታ ሲቀርብ፣ ባልንጀሮቹ ሰውየው ነጋዴ ሳይሆን የሕግ ሊቅ መሆኑን ነገሩት። ወጣቱም እንግዲያውስ የቃዲው እንግዳ ነው አለ። ወሬው ለቃዲው ደረሰ፤ ቃዲውም ተማሪዎቹን አስከትሎ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ። ይህ ዳኛ ዘሩ ከግብፅ የሚመዘዝ ሰው ነበር።

የአገሩ ደንብ ሊቅ የሆነ እንግዳ ከማረፉ በፊት ገዢውን እጅ እንዲነሳ ያዝዛል። በአገሬው ሰዎች ሼኽ ተብሎ የሚጠራው ሱልጣን አቡበከር የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገር፣ አረብኛም የሚያውቅ ነበር። ለእንግዳው የክብር አቀባበል እንዲሆን የሚታኘክ ቅጠልና ፍሬ እንዲሁም የደማስቆ የጽጌረዳ ውኃ ላከለት። ማረፊያም ለተማሪዎች በተሠራው ቤት ተሰጠው።

ለሦስት ቀናት ማዕድ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ይቀርብለት ነበር። በቅቤ የበሰለ ሩዝ፣ በላዩ ዶሮ፣ ሥጋ፣ ዓሳና አትክልት፤ በጎን ደግሞ በወተት የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ፣ ከእርጎ ጋር የሚበላ በጨው የታሸ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ማንጎ። ከብዙ ዓመታት በኋላም እያንዳንዱን ምግብ በስሙ አስታወሰው።

በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ለጁምዓ ሶላት የሚለብሰው የሐር ሽርጥ፣ የግብፅ ልብስና ጥምጥም ተላከለት። ከሶላቱ በኋላ ሱልጣኑ በእግሩ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲመለስ በላዩ አራት ባለቀለም የሐር ጥላዎች ተዘርግተው፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የወርቅ ወፍ ተቀርጾ አየ። ሹማምንቱ ተቀምጠው አቤቱታ ሲሰሙና ሲፈርዱም ተመለከተ።

ዛሬ የመካከለኛው ዘመን ሞቃዲሾ ታሪክ ሲጻፍ፣ የከተማዋ ፍርድ አሰጣጥ፣ አለባበስ፣ ወደ ግብፅ ይላክ የነበረው የሽመና ጨርቋና ምግቧ በዚህ ዝርዝር የሚታወቁት፣ አንድ ቃዲ ወደ ባሕር ዳር ወርዶ አንድን እንግዳ ስለተቀበለ ነው።

ሞምባሳ፡ አንዲት ሌሊት

ከሞቃዲሾ ወደ ደቡብ ሲወርድ ቀጣይዋ ማረፊያ ሞምባሳ ነበረች። በዚያን ጊዜ የዛሬዋ የኬንያ መዲና ገና አልታሰበችም፤ ናይሮቢ የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲዱ በደረሰበት በ1899 ነው። ዛሬ ከናይሮቢው ላቪንግተን ወይም ከኢስሊ ሰፈር ተነስቶ በባቡር ወደ ሞምባሳ የሚወርድ ሰው ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ደስ ካለውም ይሰነብታል። ኢብን ባቱታ ግን ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር።

በዚያች ጥቂት ጊዜ የተመለከተው ትንሽ አይደለም። ነዋሪዎቹ ሙዝና ዓሳ እንደሚመገቡ፣ ሎሚና ሙዝ እንደሚያበቅሉ፣ እህል ግን ስለማይዘሩ ከሌላ የጠረፍ አገር እንደሚያስመጡ መዘገበ። መስጊዶቻቸው ከእንጨት በጥሩ ሁኔታ የተሠሩ ነበሩ። በየመስጊዱ በር አንድ ወይም ሁለት ጉድጓድ ውኃ አለ፤ ሰዎቹ ባዶ እግራቸውን ስለሚሄዱ ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት መቅጃ ውኃ ቀድተው እግራቸውን ታጥበው፣ በሩ ላይ በተነጠፈው ወፍራም ሰሌን አደራርቀው ይገባሉ። ሰዎቹን በሃይማኖተኛነታቸውና በጨዋነታቸው አመሰገነ።

ይሁንና የችኮላው ምልክትም አለ። ሞምባሳ ደሴት መሆኗን በትክክል ቢገልጽም፣ ከስዋሂሊ ምድር የሁለት ቀን መንገድ እንደምትርቅ ጻፈ። እንዲያውም ደሴቷ ከዋናው ምድር የምትለየው በጠባብ የባሕር ሰርጥ ነው። ሊቃውንት ይህን ስሕተት በተለያየ መንገድ ሊያቃኑት ሞክረዋል። ማታ ደርሶ ጠዋት ለሚነሳ መንገደኛ ግን ከነገሩት በቀር ማረጋገጫ የለውም።

ዛሬ ከመርከብ ወርደው ለአንድ ቀን ሞምባሳን የሚጎበኙ ሰዎች በብዛት የሚወሰዱት ወደ ፎርት ጂሰስ ምሽግና ወደ አሮጌው ከተማ ነው። ምሽጉን ፖርቹጋሎች መገንባት የጀመሩት በ1593 ነው፤ ኢብን ባቱታ ካለፈ ከ260 ዓመታት በኋላ ማለት ነው። እርሱ ያያቸው የእንጨት መስጊዶች ዛሬ የሉም። እግር ማጠቢያው፣ መቅጃውና ሰሌኑ ያሉባትን ሞምባሳ ማንም አስጎብኚ በእጁ ጠቁሞ ሊያሳይ አይችልም፤ የምትገኘው በእርሱ ገጽ ላይ ነው።

ኪልዋ፡ ልግስናና ጥላው

የጉዞው ጫፍ በዛሬዋ ታንዛኒያ የምትገኘው ኪልዋ ነበረች። ከሶፋላ ወደብ የሚመጣው የወርቅ ንግድ ያበለጸጋት ይህች ከተማ ባያቸው ከተሞች መካከል እጅግ ካማሩት እንደ አንዷ ተቆጠረችለት። ገዢዋ ሱልጣን አል ሐሰን ኢብን ሱለይማን በለጋስነቱ የስጦታዎች አባት የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር።

ኢብን ባቱታ እንደተረከው አንድ የየመን ድሃ ሱልጣኑ ከሶላት ሲመለስ መንገድ ላይ አስቁሞ የለበሰውን ልብስ ለመነው። ሱልጣኑ ሌላ ልብስ ቀይሮ የለበሰውን ሰጠው። የሱልጣኑ ልጅ ልብሱን ከድሃው መልሶ ወስዶ በምትኩ አሥር ባሪያዎች ሰጠ። ሕዝቡ ሥራውን እንዳመሰገነ የሰማው ሱልጣን ደግሞ ሌላ አሥር ባሪያዎችና ሁለት ጭነት የዝሆን ጥርስ ጨመረለት።

ተራኪው ይህን የነገረው በአድናቆት ነው። የዛሬ አንባቢ ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ስማቸው ያልተጠራውን ሃያ ሰዎች ሳያስተውል አያልፍም። ኢብን ባቱታ ራሱ ሱልጣኑ ወደ መሐል አገር እየዘመተ ምርኮ ያመጣ እንደነበር ጽፏል። የእንግዳ ተቀባዩ ደግነት መንገደኛው የዘመቻውን ሌላ ገጽ እንዳይመረምር ያደረገው ይመስላል።

በታተመው ጽሑፉ የኪልዋ ቤቶች ከእንጨት የተሠሩ ናቸው መባሉም ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። በ1960ዎቹ አርኪዮሎጂስቱ ኔቪል ቺቲክ በኪልዋ ባደረገው ቁፋሮ፣ ሁሱኒ ኩብዋ የተባለው ከኮራል ድንጋይ የተሠራ ግዙፍ ቤተ መንግሥት በዝርዝር ተጠንቷል። በፍርስራሹ የተገኘ ጽሑፍም የዚያኑ የሱልጣን አል ሐሰንን ስም ይዟል። ድንጋዩ መንገደኛውን በአንድ በኩል ሲያርመው፣ በሌላ በኩል ያ ለጋስ ሱልጣን በእርግጥ እንደነበረ መሰከረለት።

ነፋሱ ሲለወጥ ኢብን ባቱታ ወደ ዐረቢያ ተመለሰ። ያንን የባሕር ዳርቻ ዳግመኛ አላየውም።

ከሃያ አራት ዓመት በኋላ የተነገረ ወግ

ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ የበለጠ ረጅም ነው። አናቶሊያን፣ የጥቁር ባሕርን አካባቢ፣ ቁስጥንጥንያንና መካከለኛው እስያን አልፎ ሕንድ ገባ። በዴልሂ ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዘንድ ዳኛ ሆኖ ለዓመታት አገለገለ። በማልዲቭስ ደሴቶች ፈረደ፤ ቻይና መድረሱንም ተናግሯል። በ1348 በሶርያ ታላቁ ወረርሽኝ ሕዝብ ሲጨርስ አየ። በ1349 ሞሮኮ ሲመለስ እናቱ በዚያው በሽታ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብላ አርፋ ነበር፤ የአባቱን መርዶ የሰማው አስቀድሞ በመንገድ ላይ ነው። በ1352 ሰሃራን አቋርጦ ወደ ማሊ ወረደ።

የሞሮኮው ሱልጣን አቡ ኢናን ታሪኩን እንዲያስጽፍ አዘዘው። ኢብን ባቱታ በቃሉ ሲናገር፣ ኢብን ጁዛይ የተባለ የግራናዳ ተወላጅ ጸሐፊ በብዕሩ አቀናው። በተለምዶ ሪህላ የሚባለው መጽሐፍ በ1355 መገባደጃ ተጠናቀቀ። በሞምባሳ ካደረ 24 ዓመት ገደማ አልፎታል።

የዘመኑ ሰዎች ሁሉ አላመኑትም። ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብን ኻልዱን በሞሮኮ ቤተ መንግሥት ብዙዎች ወሬውን እንደተጠራጠሩ፣ አንድ ሚኒስትር ግን ሰው ያላየውን ሁሉ ሐሰት ነው ማለት እንደማይገባው እንደመከረው ጽፏል። በኋላ ዘመን የተነሱ ተመራማሪዎችም አንዳንድ ክፍሎች ከቀደምት ተጓዥ ከኢብን ጁበይር መጽሐፍ የተወሰዱ መሆናቸውን አሳይተዋል። የምሥራቅ አፍሪካው ክፍል ግን ከነግድፈቱ በዓይን ምስክርነቱ የሚታመን ሆኖ ቆይቷል።

ኢብን ባቱታ በ1368 ወይም በ1369 በሞሮኮ በዳኝነት ሥራ ላይ ሳለ አረፈ። መጽሐፉ በአውሮፓ በሰፊው የታወቀው ሙሉ ቅጂው ከ1853 እስከ 1858 በፈረንሳይኛ ትርጉም በፓሪስ ከታተመ በኋላ ነው። ዛሬ የተወለደባት ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል።

በመጽሐፉ የሱልጣኖቹ ስም ተመዝግቧል። በሞቃዲሾ ወደብ በጀልባ ቀዝፎ፣ የተሸፈነ ሳህን ይዞ ወደ መርከቡ የቀረበው ወጣት ስም ግን የለም። ስለ ከተማይቱ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው ግን ከእርሱ ነው፤ እንግዳው የማን እንደሆነ ለይቶ ለቃዲው ያደረሰው እርሱ ነበርና።